«የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ሲባል ማንን እናምናለን? ከደሴና ከኮምቦልቻ የተነሣ ውይይት

ጦሳ ማዶ (ደሴ)፣ ርዕሱን የከፈቱ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤ ጎርፍ ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ሲወርድ፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ከኃላፊዎች የምንሰማው መልስ ከዓመት ወደ ዓመት እየተመሳሰለ መጥቷል። «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ይባልና ስብሰባው ይበተናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስለማስተምር ይህን የሰሙ ተማሪዎች ጥያቄውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ «እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ሌሎቹ «ፖለቲካ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ተመራማሪዎች የተስማሙበትን ለይተን እናስቀምጥ። ምድር እየሞቀች መሆኗና ለዚህም ዋናው ምክንያት የሰው ልጅ የሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች መሆናቸው ዛሬ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ አያከራክርም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ1988 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት፣ አይፒሲሲ እየተባለ የሚጠራው የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል፣ በ2021 ባወጣው ሪፖርት የሰው ልጅ ተጽዕኖ ከባቢ አየርን፣ ውቅያኖስንና የብስን ማሞቁ የማያጠያይቅ መሆኑን ጽፏል፤ ከ2011 እስከ 2020 የነበረው አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የበለጠ መሆኑንም አስቀምጧል። በአገራችን ደግሞ ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ዓመታዊው አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል።

ወደ በልግ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፤ በኮምፒውተር የሚሰሉ የአየር ንብረት ሞዴሎች በበኩላቸው ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ይህን አለመጣጣም «የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ፓራዶክስ» ብለው የሰየሙት ተቃዋሚዎች ሳይሆኑ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከፊሎቹ መቀነሱን ከምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል፣ ከፊሎቹ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከሚመላለስ ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ጋር፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሞዴሎቹ ራሳቸው የሚስቱት ነገር አለ ይላሉ። በደጋማው ደቡብ ወሎ በበልግ ገብስ ለሚዘራ ገበሬ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መልስ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ሳይንሱ ገና ያልጨረሰውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው የመሬት መንሸራተት ነው። ደሴ የተቀመጠችው ባዛልት በሚባል በበሰበሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ በተከማቸ ልል አፈርና ሸክላ ላይ ነው፤ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቦርከናና ገባር ጅረቶቹም ግርጌውን ይቦረቡሩታል። ከባድ ዝናብ ይቀሰቅሰዋል፤ ነገር ግን ያንን ተዳፋት ለግንባታ የመራው፣ የፍሳሽ ቦዩን ያልሠራው ዝናቡ አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው እጅግ ጽኑ ነው፣ ሁለተኛው አከራካሪ ነው፣ ሦስተኛው በአብዛኛው የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ሦስቱ በአንድ አፍና በአንድ ድምፅ ሲነገሩ ሰሚው አንዱ ሐሰት መስሎ ሲታየው ሦስቱንም አብሮ ይጥላል። አመኔታው የሚጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጦሳ ማዶ፣ አቀራረብዎን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ «የመጀመሪያው እጅግ ጽኑ ነው» ብለው ያለፉበት ፍጥነት አልተመቸኝም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ አንድ ቁጥር ሲሰጠኝ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በየስብሰባው የሚጠቀሰው «97 በመቶ የሚሆኑት ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል» የሚለው ቁጥር በ2013 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት የተወሰደ ነው። ጥናቱ የተመለከተው 11,944 የምርምር ጽሑፎችን ረቂቅ ማጠቃለያ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ስለ ሙቀቱ መንስኤ ምንም አቋም አልገለጹም። 97 በመቶው የተሰላው አቋም ከገለጹት ብቻ ነው። ይህን የሚነግረን ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከእንግሊዙ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ከ1,000 በላይ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ኢሜይሎች ተሰርቀው ወጡ። በአንዱ ላይ የታወቀ ተመራማሪ «መቀነሱን ለመሸፈን» ስለተጠቀመበት ዘዴ ጽፎ ነበር። ሦስተኛ፣ የአይፒሲሲ የ2007 ሪፖርት የሂማላያ የበረዶ ግግሮች በ2035 ሊጠፉ እንደሚችሉ ጽፎ፣ በጥር 2010 ስሕተት መሆኑን ለማመን ተገደደ። አራተኛ፣ የዚሁ ድርጅት ሪፖርት የውሳኔ ሰጪዎች ማጠቃለያ መስመር በመስመር የሚጸድቀው በመንግሥታት ተወካዮች ነው። ታዲያ ሳይንስና ፖለቲካ የተለያዩት የት ላይ ነው?

የመጨረሻውንና ዋናውን ልጨምር። በዚህ ርዕስ ላይ በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፤ ፍሳሹ ግን እዚያው ነው። አፍሪካ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻዋ 4 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከሰል አክሳዩን የሚመክረው ሰው በአውሮፕላን የመጣ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ሲጠራጠር ድንቁርና አድርገው አይዩት።


ቀለምና ቁጥር (ደሴ)

ከወንድሜ ከቦርከና ልጅ ነጥቦች መካከል ሐሰት የሆነ አላገኘሁም። ከእውነተኛ ነገሮች ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ከነጥቦቹ አይከተልም። በስታቲስቲክስ መስክ ስለምሠራ በቁጥሩ ልጀምር።

ስለ 97 በመቶው የተናገሩት ልክ ነው። ነገር ግን ስለ ወባ መድኃኒት የሚጽፍ ተመራማሪ በየጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ወባ በትንኝ ይተላለፋል» ብሎ አቋሙን አይገልጽም። እኔ ራሴ ይህን ቁጥር በክርክር አልጠቀምበትም፤ ምክንያቱም ሳይንስ በእጅ ብልጫ የሚወሰን ያስመስላል። ስምምነቱ የማስረጃዎቹ ውጤት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን የሚይዝ ጋዝ መሆኑን አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856፣ አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል በ1859 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይተዋል፤ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896 መጠኑ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አሰላ። ያኔ የአየር ንብረት ጉባኤም አበልም አልነበረም። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ልኬቱ ሲጀመር በ1958 ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው። የተጨመረው ካርቦን ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የመጣ መሆኑ በአይሶቶፑ፣ ማለትም በካርቦን አተሞቹ የክብደት ልዩነት፣ ይታወቃል። ሙቀቱን ያመጣችው ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛው ከባቢ አየርም አብሮ መሞቅ ነበረበት፤ የተለካው ግን ታችኛው ሲሞቅ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው ክፍል መቀዝቀዙ ነው። እነዚህ ልኬቶች አንዱ በሌላው ላይ ያልተመሠረተ፣ በተለያዩ ሰዎችና መሣሪያዎች የተገኙ ናቸው።

ወደ ኢሜይሎቹ ስንመጣ፣ «መቀነስ» የተባለው የምድር ሙቀት መቀነስ አይደለም። ከ1960 እ.ኤ.አ. በኋላ በአንዳንድ ቦታዎች የዛፍ ቀለበት የሚያሳየው ሙቀት በቴርሞሜትር ከሚለካው ጋር አልገጥም ብሎ ወደ ታች መውረዱ ነው። በጉዳዩ ላይ በ2010 ተከታታይ ማጣሪያዎች ተካሂደው ተመራማሪዎቹ የሐሰት ውጤት ፈጥረዋል የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም። ነገር ግን ከማጣሪያዎቹ አንዱ ተመራማሪዎቹ ተገቢውን ግልጽነት አለማሳየታቸውን፣ ለአንድ ሪፖርት ሽፋን የተሠራው ሥዕላዊ መግለጫም አሳሳች እንደነበረ ጽፏል። ስለዚህ ወቀሳው በከንቱ አልነበረም፤ የተወቀሱት ግን በአሠራራቸው ነው፣ የምድር መሞቅ በእነሱ ፋይል ላይ የቆመ አይደለም።

የሚያስደንቀኝ ሌላ ታሪክ አለ። ሪቻርድ ሙለር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በእነዚያ የሙቀት መዝገቦች ላይ ጥርጣሬ ስለነበረው የራሱን ቡድን አቋቁሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሰላው፤ ከገንዘቡ ከፊሉ የተገኘው በነዳጅ ንግድ ከከበሩት ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ነበር። በ2012 የደረሰበት መደምደሚያ ምድር መሞቋና ምክንያቱም በአብዛኛው የሰው ልጅ መሆኑ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ወገን የጠበቀው መልስ አልነበረም።

መንግሥታት ማጠቃለያውን መስመር በመስመር ያጸድቃሉ፤ እውነት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የነዳጅ ሻጭ አገሮችም ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከዚያ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ የለዘበ ነው እንጂ የተጋነነ አይደለም፤ ዋናውን ሪፖርት ደግሞ የሚጽፉት ተመራማሪዎች ናቸው። የ2035ቱ ስሕተት የገባው በዚህ ማጠቃለያ ውስጥ ሳይሆን በዋናው ምዕራፍ ውስጥ ሲሆን፣ ያጋለጡትም የበረዶ ግግር ተመራማሪዎች ራሳቸው ናቸው።


ገራዶ (የግብርና ባለሙያ)

እናንተ ስለ ሃዋይና ስለ እንግሊዝ ስትነጋገሩ እኔ ወደ ቀበሌው ልመልሳችሁ። ገበሬው አይፒሲሲ የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ሳይንስን የሚመዝነው በወቅታዊ ትንበያ ነው። ትንበያው ሲሳሳት ከአየር ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ችግሩ ትንበያው እንዴት እንደሚነገር ነው። ወቅታዊ ትንበያ ሲወጣ ለሦስት ክፍሎች ዕድል ይሰጣል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ያህል፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ነው ሊል ይችላል። ይህ ወረቀት ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ቁጥሮቹ በየመንገዱ ይራገፉና ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው «ዘንድሮ ዝናብ ያንሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በልጉ መልካም ሆኖ ያለፈ እንደሆነ ባለሙያው ዋሽቷል። ወረቀቱ ግን ከመቶ 55 ያህል «አያንስም» ብሎ ነበር! እኔ በሥራ ላይ የታዘብኩት ገበሬው ዕድልን መረዳት የማይችል ሆኖ አይደለም፤ ከፊሉን ማሳ በገብስ፣ ከፊሉን በሌላ የሚሸፍነው፣ ዘር የሚያስቀረው ዕድልን ስለሚያሰላ ነው። ቁጥሩን የሚፈሩት መካከል ላይ ያሉት ናቸው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ማስተላለፍ ሥራ አለማወቅ ይመስላቸዋል።

ሌላም አለ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የዝናብ መለኪያ መዝገቦች በጦርነትና በእጥረት ምክንያት የተቋረጡባቸው ዓመታት አሉ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብሔራዊው የሜትሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋህዷል፤ ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን ለአንድ የተራራ ሸንተረር የሚሰጠው ቁጥር የተለካ ይሁን የተገመተ ተለይቶ ሊነገረን ይገባል። በወሎ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ዝናቡ እንዴት እንደሚለያይ ለማንም አይጠፋውም።


ጤና ኬላ (ኮምቦልቻ)

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች የተሰበሰበ የወባ መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ሕመሙ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚመለስ አሳይቷል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ያህል ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ይሁንና በጤና ጣቢያ የሚታየው ቁጥር በአጎበር ስርጭት፣ በኬሚካል ርጭት፣ በሰው እንቅስቃሴና በውሃ ማቆር ጭምር ይወሰናል። «ወባ የጨመረው በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ የሚጽፍ ባልደረባዬ አጎበሩ በጊዜው መድረስ አለመድረሱን አስቀድሞ እንዲጽፍ እፈልጋለሁ።


የአራዳ ሽማግሌ (ደሴ)

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን በደስታ አነበብኩ። የስልሳ ስድስቱንም የሰባ ሰባቱንም ረሃብ በዚህችው ከተማ ሆኜ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ወሎዬ ከውጭ በሚመጣ ማብራሪያ ላይ ለምን ጥርጣሬ እንደሚያድርበት ብነግራችሁ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ድርቁ የመጣው በገበሬውና በአርብቶ አደሩ ጥፋት ነው የሚል ትምህርት ይሰጠን ነበር። ዛፉን ቆረጣችሁ፣ ሣሩን አስጋጣችሁ፣ ሰማዩ ተቆጣ ማለት ነው። ይህ አነጋገር ሳይንሳዊ መሠረትም ነበረው፤ ጁል ቻርኒ የተባለ ስመ ጥር ሳይንቲስት በ1975 እ.ኤ.አ. ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው በሳሕል ምድር ከመጠን ያለፈ ግጦሽ መሬቱን ገላልጦ፣ የፀሐይ ብርሃን ወደ ላይ እንዲንጸባረቅ በማድረግ ዝናቡን ሊቀንስ እንደሚችል ጽፎ ነበር። በኋላ ግን ምርምሩ እየጠለቀ ሲሄድ የሳሕልን ድርቅ በዋናነት ያመጣው የውቅያኖሶች ወለል ሙቀት መለዋወጥ መሆኑ ታወቀ፤ በዚያም ላይ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የሰልፈር ጭስ ሰሜን አትላንቲክን በማቀዝቀዝ የዝናቡን መቀነት ወደ ደቡብ እንዲገፋ አስተዋጽኦ ማድረጉን የሚያሳዩ ጥናቶች ወጡ። ፍየል ጠባቂው የተወቀሰበት ጉዳይ ከፊሉ ከሩቅ አገር የጭስ ማውጫ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ወቀሳው በስብሰባና በራዲዮ ደርሶን ነበር፤ ማስተካከያው ግን በመጽሔት ላይ ቀረ። ይቅርታ የጠየቀን የለም።

ሁለተኛውንም ልንገራችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ነው የሚለውን ያልሰማ የለም። የታሪክ ተመራማሪዎች ምንጩን ሲፈልጉ በልኬት ላይ የተመሠረተ ማስረጃ አላገኙለትም፤ አንዱ ሰነድ ከሌላው እየቀዳ ነው የኖረው። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው በ1997 በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሡ፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ዛሬ የሚታየው ዛፍ ያኔ ከነበረው ይበልጣል። አብዛኛው ገበሬው ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደን አይደለም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ የአፈሩ መጎዳትም እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው ሁልጊዜ አጥፊ ብቻ ሆኖ የተሣለበት ሥዕል ልክ አልነበረም።

ይህን የምለው የምድርን መሞቅ ለመካድ አይደለም። ቴርሞሜትር የሚያነብና ወቀሳ የሚያከፋፍል ሰው በአንድ መኪና ሲመጡ፣ ሕዝቡ ሁለቱን መለየት እንደሚያቅተው እንድታውቁ ነው።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ የእርስዎ ጽሑፍ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ የራሳቸውን የ1975 ግምት ራሳቸው ማረማቸውን ስላሳየ።

ለቀለምና ቁጥር፤ የሙለርን ታሪክ አላውቀውም ነበር፣ አንብቤ አረጋገጥኩት። ስለ ፖለቲካው ግን ጥርጣሬዬ የትም አልሄደም፤ አቅጣጫው ነው የዞረው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ኤክሶን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስቶች ከ1977 ጀምሮ የሠሯቸውን ስሌቶች መርምሮ፣ በየአሥር ዓመቱ 0.2 ዲግሪ ያህል ሙቀት እንደሚጨምር በትክክል ተንብየው እንደነበር አሳይቷል፤ ኩባንያው በአደባባይ ጥርጣሬ ይዘራ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። አሜሪካም በ2015 በፓሪስ ከጸደቀው የአየር ንብረት ስምምነት በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በ2025 ደግሞ እንደገና ለመውጣት ወሰነች። በእነዚህ ዓመታት የማውና ሎዋ ቁጥር ማን እንደተመረጠ አይቶ አልተለወጠም። ስለዚህ በልኬቱና በፖለቲካው መካከል ያለው ልዩነት ገብቶኛል።

አሁንም የምሟገተው በአንድ ነገር ላይ ነው። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ድርቅ የወጣ ጥናት የአየር ንብረት ለውጥ ድርቁን ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጥ ሊከሰት የሚችል አድርጎታል ማለቱ በየዜናው ተነገረ። ያ ጥናት የሚመለከተው የደቡብ ኢትዮጵያን፣ የሶማሊያንና የኬንያን ድርቅ ነው፤ ዋናው ምክንያትም ሙቀቱ ከአፈርና ከዕፅዋት የሚተነውን ውሃ መጨመሩ ነው። እዚህ አካባቢ ግን ስለ ወሎ እንደተነገረ ተደርጎ በስብሰባ ላይ ሲጠቀስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጽኑውን ሳይንስ ያለ ቦታው የሚያውለው ሰው ከካጁ የባሰ ይጎዳዋል።


ጦሳ ማዶ (ደሴ)

የድርቁ ጥናት አንድ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ዝናቡ መጠኑ ባይቀንስ እንኳ ሙቀት ሲጨምር አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ የበልጉ ፓራዶክስ ባይፈታም ለገበሬው የሚነገር እርግጠኛ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ክፍል ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ዝናብ ስላልሆነ ለወሎም ይሠራል፤ «100 እጥፍ» የሚለው ቁጥር ግን አይሠራም።

ለተማሪዎቼ ከእንግዲህ የማስተምረው በዚሁ መንገድ ይሆናል። ስለ አንድ የአካባቢ አደጋ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ሲባል የትኛው ክፍል የሙቀት፣ የትኛው የዝናብ፣ የትኛው የቦይ፣ የግንባታ ፈቃድና የአጎበር ጉዳይ እንደሆነ ራሳቸው ለይተው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ገራዶ፣ የትንበያው ወረቀት ከነመቶኛዎቹ ቢገኝልኝ ለክፍል ሥራ እጠቀምበት ነበር።


ገራዶ (የግብርና ባለሙያ)

የሚቀጥለው የበልግ ትንበያ እንደወጣ ሦስቱንም መቶኛዎች ሳላጎድል እዚሁ እጽፋቸዋለሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለው የሜትሮሎጂ ማዕከል የመዘገበውን የዝናብ መጠን ከጎኑ እናስቀምጣለን። አንድ ወቅት ብቻውን ትንበያውን ልክ ወይም ስሕተት ስለማያሰኘው ያለፉት ዓመታትም ያስፈልጉናል፤ የቆዩ የትንበያ ወረቀቶች በእጁ ያሉ ተሳታፊ ካለ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ጠቅሶ ያስቀምጥልን።